ጌይን እና ቲዩብ ድራይቭ፦ ስለ ቲዩብ ፕሪአምፕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲዩብ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የማይክን ሲግናል ሲሞቅ በሚሠራ የመስታወት ቱቦ (ቲዩብ) የሚያሳድግ ማሽን ገዝተው ጌይንና ድራይቭ የተባሉትን ሁለት ማዞሪያዎች የት ማቆም እንዳለባቸው ግራ የገባቸው የቤት ስቱዲዮ ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ፕሪአምፕ ምን ይሠራል? ማይኩን በቀጥታ ባገናኘውስ?

ከማይክሮፎን የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። በየመድረኩ የምናየው ሹር ኤስኤም58፣ 94 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ሲያገኘው የሚያወጣው 1.85 ሚሊቮልት ብቻ ነው። የስቱዲዮ ማሽኖች እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉት መጠን፣ ላይን ሌቭል የሚባለው፣ ደግሞ 1.23 ቮልት ነው። ያንን ሲግናል እዚህ ለማድረስ ወደ 660 እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ በዴሲቤል 56 ገደማ ይሆናል። ይህን የሚሠራው ፕሪአምፕ ነው። ሳውንድ ካርዳችሁ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ማሽን) ላይ የማይክ መግቢያ ካለ ውስጡ ፕሪአምፕ አለ ማለት ነው፤ ለብቻው የሚገዛው ተጨማሪ እንጂ ግዴታ አይደለም።

ጌይን እና ድራይቭ በምን ይለያያሉ?

ጌይን ከማይኩ የመጣው ሲግናል ስንት እጥፍ እንደሚያድግ ይወስናል። ድራይቭ ደግሞ ያደገው ሲግናል ቲዩቡን ምን ያህል እንደሚገፋው ይወስናል። በጌይን የምታስተካክሉት መጠንን ነው፤ በድራይቭ የምትለውጡት የድምፁን መልክ ነው። የጌይን ትክክለኛ ቦታ በሜትር ይታያል፤ የድራይቭ ግን በጆሮ እንጂ በሜትር አይታወቅም።

ቲዩቡ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሲግናሉ ትንሽ ሲሆን ቲዩቡ የገባለትን እንዳለ አሳድጎ ያወጣል። ሲግናሉ ሲያይል ግን የሞገዱን ላይኛና ታችኛ ግማሽ እኩል ማሳደግ ያቅተውና አንዱን ወገን ቀድሞ ማጠጋጋት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከማይኩ ያልመጡ ሃርሞኒኮች፣ ማለትም የዋናው ድምፅ ሁለት ሦስት እጥፍ የሆኑ ተጨማሪ ድምፆች፣ ይፈጠራሉ። 220 ኸርዝ ሲገባ 440 ኸርዝ አብሮት ይወጣል። ይህ ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ስለሆነ ጆሮ እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ «ድምፁ ሞላ፣ ሞቀ» ይላል። ግፊቱ ሲጨምር ሁለቱም ወገኖች ይጠጋጋሉ፣ 660 ኸርዝና ከዚያ በላይ ያሉት ይበረታሉ፣ ድምፁም ወደ መሻከር ይሄዳል። የድራይቭ ማዞሪያ ጉዞ ከመሙላት እስከ መሻከር ነው።

የእኔ ማሽን ድራይቭ የሚል ማዞሪያ የለውም። ቲዩቡን መግፋት አልችልም ማለት ነው?

ትችላላችሁ። እንደ ፕሪሶነስ ብሉቲዩብ ዲፒ ያሉት ጌይንና ድራይቭን ለይተው ያስቀምጣሉ። እንደ አርት ቲዩብ ኤምፒ ያሉት ደግሞ ያላቸው የመግቢያ ጌይንና የመውጫ መጠን ነው። በእነዚህ ላይ መግቢያውን ከፍ፣ መውጫውን ዝቅ ስታደርጉ ቲዩቡ ይገፋል፤ በተቃራኒው ስታደርጉ ድምፁ ይጠራል። ስሙ ባይጻፍበትም ድራይቩ እዚያው አለ።

ጌይኑን የት ላቁመው?

ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። አንድ ሰው «እኔ ሰባት ላይ ነው የማደርገው» ቢላችሁ የእሱ ማይክ፣ የእሱ ጉሮሮና ከማይኩ የቆመበት ርቀት ከናንተ ጋር አንድ አይደለም። ሹር ኤስኤም7ቢ የሚያወጣው ከኤስኤም58 እንኳ ያነሰ፣ 1.12 ሚሊቮልት ስለሆነ 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን ይፈልጋል። ኮንደንሰር ማይክ (እንዲሠራ 48 ቮልት የሚላክለት ዓይነት) ግን በአብዛኛው ከዚህ በጣም ባነሰ ይበቃዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድራይቩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። ዘፋኙ ከዘፈኑ ውስጥ በጣም ከፍ ብሎ የሚወጣበትን ቦታ እንዲዘፍን ጠይቁት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሄሎ» አይጠቅምም፤ ሰው ማይክ ሲፈተሽ ጨዋ ነው፣ ቀረጻው ሲጀመር ነው እውነተኛ ጉልበቱ የሚወጣው። እየዘፈነ ሳለ በኮምፒውተሩ ሜትር ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከዲጂታል ዜሮ (ኮምፒውተሩ ሊይዘው ከሚችለው የመጨረሻ መጠን) በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል መካከል እንዲያርፍ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከዚያ እጃችሁን አንሱ።

«ለምን እስከ ቀዩ ድረስ አልሞላውም?» የሚሉ አሉ። ልማዱ የመጣው ከቴፕና ከ16 ቢት ዘመን ነው። በቴፕ ላይ ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ በቴፑ ሽሽታ ይዋጥ ነበር። ዛሬ በ24 ቢት ስትቀርጹ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ሙሉ ስፋት በስሌት 144 ዴሲቤል ነው። ከላይ አሥር ዴሲቤል ባዶ ብትተዉ የምታጡት ነገር የለም። ዜሮን ያለፈ ድምፅ ግን ተቆርጦ ይቀራል፤ የትኛውም ሶፍትዌር በትክክል አይመልሰውም።

ድራይቩንስ?

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። በብዙ ማሽኖች ድራይቩ ሲጨመር መልኩ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ይጨምራል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች በትንሹ የጎላውን «የተሻለ» ይላል፤ ልዩነቱ አንድና ሁለት ዴሲቤል ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ድራይቩን አዙራችሁ «ወይ ሙቀት!» ስትሉ የወደዳችሁት ቲዩቡን ይሁን ጉላቱን ገና አታውቁም። በእኔ ግምት ስለ ቲዩብ ሙቀት ከሚወራው ውስጥ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ማስተካከል ነው። አንድ ስንኝ ድራይቩ ዜሮ ሆኖ ቅረጹ። ያንኑ ስንኝ ድራይቩን ጨምራችሁ ደግማችሁ ቅረጹ። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ የሁለቱን መጠን በጆሮ እኩል እስኪሆኑ ድረስ አስተካክሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም አዳምጡ። አሁንም ሁለተኛው ከበለጠባችሁ ድራይቩ ሥራ ሠርቷል። ልዩነቱ ከጠፋ ገንዘባችሁን ያወጣችሁት ለቲዩቡ ፍካት ነው ማለት ነው።

መነሻ ነጥብ ለሚፈልግ፦ ድራይቩን ድምፁ ሲሻክር በግልጽ እስከሚሰማችሁ ድረስ ጨምሩ፣ ከዚያ መሻከሩ እስኪጠፋ መልሱት፣ ከዚያም ትንሽ ተጨማሪ ቀንሱ። ለብቻው ሲሰማ ደስ የሚል ሸካራነት ከኪቦርድና ከቤዝ ጋር ሲደረብ ቃላትን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ፍርድ ከሙዚቃው ጋር አብራችሁ አዳምጣችሁ ስጡ።

ድራይቩን እስከ መጨረሻ አዞርኩት፤ ምንም አልተለወጠም። ተበላሽቷል?

ምናልባት አልተበላሸም። ቲዩቡ የሚገፋው በፊቱ በደረሰው ሲግናል ነው፤ ጌይኑ ዝቅ ካለ የሚገፋ ነገር የለም። በብዙ ርካሽ ማሽኖች ውስጥ የመጀመሪያውን ማሳደግ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ናቸው፣ ቲዩቡ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ጌይኑን ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። ያኔ የመውጫው መጠን ከበዛ ሳውንድ ካርዱ ላይ ቀንሱ። ቲዩቡ ራሱ መሥራቱን ለማየት ደግሞ በክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ የክሩን ደካማ ፍካት ፈልጉ፤ ከቲዩቡ ጀርባ ተጨማሪ ብርቱካንማ መብራት የሚያስቀምጡ ፋብሪካዎች ስላሉ ግን ደማቅ ብርሃን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቀይ መብራቱ ሳይበራ ድምፁ ይቀደዳል። ችግሩ የት ነው?

ሲግናሉ በሰንሰለት ነው የሚያልፈው፤ ማይክ፣ የፕሪአምፑ መግቢያ፣ ቲዩቡ፣ የፕሪአምፑ መውጫ፣ የሳውንድ ካርዱ መግቢያ። ቀዩ መብራት የሚጠብቀው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል። በቅደም ተከተል ፈልጉት። መጀመሪያ ድራይቩን ዜሮ አድርጉ፤ መቀደዱ ከጠፋ ቲዩቡ ነበር። ካልጠፋ የሳውንድ ካርዱን ሜትር እዩ፤ እዚያ ዜሮ እየነካ ከሆነ ከፕሪአምፑ የሚወጣውን ቀንሱ። ሜትሩ ዝቅ ብሎም ድምፁ ከተቀደደ የተጨናነቀው የፕሪአምፑ መግቢያ ነው። 20 ዴሲቤል የሚቀንሰውን ፓድ የሚባል ቁልፍ ተጫኑ። ከበሮን ወይም ትራምፔትን በቅርበት ስትቀርጹ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ይህ ቁልፍ ነው።

ጌይን ስጨምር ሽሽታ ይበዛል። ቲዩቡን ብቀይር ይጠፋል?

አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ጌይን የሚያሳድገው ማይኩ ፊት ያለውን ሁሉ ነው፤ ዘፋኙን፣ ማራገቢያውን፣ የጎረቤትን ቴሌቪዥን፣ የወረዳውን ሙሉ ሕይወት። ከማይኩ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ያንን ያህል ጌይን መቀነስ ትችላላችሁ ማለት ነው። ከ40 ሳንቲሜትር ወደ 20 መጠጋት ነጻ ነው፣ አዲስ ቲዩብ ግን ገንዘብ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ጌይኑ የት እንደሚጨመር ነው። ማሳደጉ በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን። ፕሪአምፑን ዝቅ አድርጎ ቀርጾ በኮምፒውተር ማጉላት የኋለኞቹን ማሽኖች ሽሽታ አብሮ ያጎላል። ሽሽታ ሳይሆን እምምም የሚል ጉምጉምታ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ የ50 ኸርዝ መብራት ኃይል ነው። ኮምፒውተሩንና ፕሪአምፑን ከአንድ ማከፋፈያ ሶኬት አድርጉ፣ የማይኩን ገመድ ከኃይል ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስተኙ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ።

ርካሽ ፕሪአምፕ ውስጥ ያለው ቲዩብ እውነተኛ ነው ወይስ ለጌጥ?

ቲዩቡ እውነተኛ ነው፤ በአብዛኛው 12ኤኤክስ7፣ በአውሮፓ ስሙ ኢሲሲ83 የሚባለው። ጥያቄው በምን ቮልት እንደሚሠራ ነው። ይህ ቲዩብ የተሠራው በ250 ቮልት አካባቢ እንዲሠራ ነው። ርካሾቹ ማሽኖች ግን የዚያን ያህል ቮልቴጅ ማመንጨት ስለሚያስወጣ በጥቂት አሥሮች ቮልት ያሠሩታል። በዚህ ሁኔታ ቲዩቡ ቶሎ ይጨናነቃል፣ ንጹሕ ሆኖ የሚሠራበት ቦታም ይጠብበታል።

ይህ ግን ማጭበርበር አይደለም። ቶሎ መጨናነቁ ድራይቩ በትንሽ ግፊት እንዲሰማ ያደርጋል፤ ለጊታር፣ ለቤዝ፣ ለራፕ ድምፅ ይስማማል። የማይሰጠው ያንን ሰፊና ጸጥ ያለ ጥራት ነው። እሱን የፈለገ ሰው ሙሉ ቮልቴጅ የሚጠቀም ማሽን ይፈልግ፤ ወይም ቲዩብ የሌለበት ጥሩ ፕሪአምፕ ይግዛ፣ ዋጋውም ይቀንስለታል።

ድራይቭ የድሮ ሸክላ ድምፅ ይሰጠኛል?

ጥቂቱን ብቻ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ማሳተም የጀመራቸውን ዓይነት ሸክላዎች የሚወድ ሰው የሚሰማው የቴፕን መጠጋጋት፣ የሸክላውን ጠባብ ስፋት፣ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ የሚጫወት ባንድን፣ የአንዱ መሣሪያ ድምፅ በሌላው ማይክ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረውን ግርግርና ከሁሉም በላይ የተጫዋቾቹን እጅ ነው። አንድ ማዞሪያ ይህን ሁሉ አይሸከምም።

ደግሞም በቲዩብ ዘመን የነበሩ መሐንዲሶች ድምፁ እንዲሻክር አልነበረም የሚደክሙት። በለንደን ኤቢ ሮድ ስቱዲዮ ከነበሩት የቲዩብ ሚክሰሮች አንዱ ሬድ 37 የሚጠቀመው ቪ72ኤስ የተባለውን፣ ለጀርመን ራዲዮ ጣቢያዎች ከተሠራው ቪ72 የተወለደ ማጉያ ነበር። የዚያ ማጉያ ጌይን 40 ዴሲቤል ላይ የተቆረጠ ነው፤ ድራይቭ የሚባል ነገር አያውቅም። የተፈለገው ንጽሕና ነበር። ድራይቭን እንደ ጣዕም ማዞሪያ ፊት ለፊት ያወጣው የኋለኛው ዘመን ገበያ ነው።

በገና፣ ክራር ወይም ማሲንቆ ስቀርጽ ድራይቭ ልጠቀም?

ለበገና፣ የለም እላለሁ። የበገና ድምፅ ነዝናዛነት ከእንዚራው የሚመጣ ነው፤ በብርኩማውና በየጅማቱ መካከል የሚገባው ቆዳ ጅማቱ ሲንቀጠቀጥ እየነካካው ያንን የሚታወቅ ዝዝታ ይፈጥራል። መሣሪያው በራሱ በሃርሞኒክ የተሞላ ነው። በዚያ ላይ ቲዩብ ሲጨመር አሥሩ ጅማቶች እርስ በርሳቸው ተደባልቀው በመሣሪያው ውስጥ የሌሉ ድምፆች ይወልዳሉ፤ የበገናው ዝዝታና የማሽኑ ዝዝታ መለየት ያቅታል። ድራይቭ ዜሮ፣ ጌይን በልኩ፣ ዝም ያለ ክፍል፤ በገና ከዚህ ሌላ አይጠይቅም። የደርዳሪው ድምፅ ራሱ ዝግ ያለ ስለሆነ ግን ጌይኑ ከምትገምቱት በላይ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የሚያስቸግረው የክፍሉ ጸጥታ ነው።

ክራር ላይ ጥቂት ድራይቭ የጣት ምቱን ሹልነት ያለዝባል፤ በማይክ ሲቀረጽ ቀጭን ለሚሆን ክራር ይረዳል። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ከሆነ በማይክ መግቢያ ሳይሆን ለጊታር ተብሎ በተሠራው ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ባለው መግቢያ አገናኙት፣ አለበለዚያ ድምፁ ይደኸያል። ማሲንቆ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ስለሚያወጣ ድራይቭን ከበገና በተሻለ ይሸከማል፤ ነገር ግን ደጋኑ ጅማቱን ሲፈትግ የሚወጣው ሹል ድምፅ አብሮ ይጎላልና ተጠንቀቁ። ከበሮን ግን ገፋ አድርጉት። የምቱ ጫፍ ሲጠጋጋ አካሉ ይወፍራል፤ እኔ ድራይቭን ያለ ጥርጣሬ የምጨምረው እዚህ ላይ ነው።

ቲዩብ ፕሪአምፑን ወደ ሳውንድ ካርዱ እንዴት ላገናኘው?

በላይን መግቢያ። በብዙ ሳውንድ ካርዶች ላይ ያለው ጥምር ሶኬት ሁለት ባሕርይ አለው፤ በኤክስኤልአር (ሦስት እግር ባለው የማይክ መሰኪያ) ሲሰካ ወደ ሳውንድ ካርዱ የማይክ ፕሪአምፕ ይገባል፣ በሩብ ኢንች ጃክ ሲሰካ ደግሞ በአብዛኛው ላይን ይሆናል። ከቲዩቡ የወጣውን 1.23 ቮልት በኤክስኤልአር ብትሰኩ ሚሊቮልት የሚጠብቅ ሌላ ፕሪአምፕ ላይ ነው የምትጭኑት። ድምፁ ይቀደዳል፣ ሰውም ቲዩቡን ይረግማል። የሳውንድ ካርዱ ፋንተም፣ ማለትም ለኮንደንሰር ማይክ የሚላከው 48 ቮልት፣ ከበራ ደግሞ ያ ቮልቴጅ ወደ ፕሪአምፑ መውጫ ይሄዳል፤ አጥፉት። ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ 48 ቮልቱን ማብራት ያለበት ቲዩብ ፕሪአምፑ ነው።

ከአሜሪካ የመጣልኝ ፕሪአምፕ ነው። አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ልሰካው?

አዳፕተሩን ሳታነቡ አትሰኩ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። «ከ100 እስከ 240» ካልተጻፈበት መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የሚያሳስተው ሌላው ነገር የአዳፕተሩ መውጫ ነው። እንደ አርት ቲዩብ ኤምፒ ያሉ ማሽኖች የሚፈልጉት 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኤሲ ነው፤ ገበያ ላይ በየሱቁ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው ዲሲ። መሰኪያው ይገጥማል፣ ቮልቱ ይመሳሰላል፣ ማሽኑ ግን እንደሚገባ አይሠራም። ስትገዙ «መውጫው ኤሲ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጽሑፉንም ራሳችሁ አንብቡ።

መብራት ሲዋዥቅ የቲዩቡ ክር ሙቀት አብሮ ይዋዥቃል፤ ስታቢላይዘር ካላችሁ በሱ አሳልፉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ድምፅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል፣ መቅረጽ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሩብ ሰዓት ያህል ይሙቅ።

ቲዩቡን በሌላ ዓይነት ብቀይረው ድራይቩ ይለወጣል?

ይለወጣል። የ12ኤኤክስ7 የማሳደግ አቅም በስሌት 100 ነው፣ የ12ኤቲ7 60፣ የ12ኤዩ7 ደግሞ 20 ገደማ። የሦስቱም ዘጠኝ እግሮች አቀማመጥ አንድ ስለሆነ በአንዱ ቦታ ሌላው ይገባል። አቅሙ ዝቅ ያለውን ስትተክሉ መሻከሩ ዘግይቶ ይመጣል፣ የድራይቩ ማዞሪያም ብዙ ልኮች ይኖሩታል፤ ከፕሪአምፑ የሚወጣው መጠን ግን ይቀንሳል። ዑደቱ የተሠራው ለ12ኤኤክስ7 ስለሆነ ውጤቱ በእያንዳንዱ ማሽን ይለያያል።

ከመክፈታችሁ በፊት ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች እስኪያራግፉ ጠብቁ። ሙሉ ቮልቴጅ የሚጠቀም ማሽን ከሆነ ውስጡ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላልና ለባለሙያ ስጡት። ማሽኑን በጣት ስትነኩ በድምፅ ማጉያው ውስጥ «ቲንግ» የሚል ደወል መሰል ድምፅ ከተሰማ ቲዩቡ መቀየር ይገባዋል።

ሁለቱን ቻናሎች ለስቴሪዮ ስጠቀም ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ማዞሪያዎቹ እኩል ናቸው እኮ?

ማዞሪያዎቹ እኩል መጠቆማቸው እኩል ማሳደጋቸውን አያረጋግጥም፤ ደረጃ በደረጃ የማይቆሙ ርካሽ ማዞሪያዎች መካከል የሁለትና የሦስት ዴሲቤል ልዩነት የተለመደ ነው። አንድ ማይክ ከድምፅ ማጉያ ፊት አቁሙ፣ ከኮምፒውተሩ ወጥ የሆነ የ1000 ኸርዝ ድምፅ አጫውቱ፣ ማይኩን ሳታንቀሳቅሱ ገመዱን ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው እያዛወራችሁ ሜትሩ አንድ ቁጥር እስኪያሳይ ጌይኑን አስተካክሉ። ኮንደንሰር ከሆነ ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት 48 ቮልቱን አጥፉ።

ይህ የሚበቃው ድራይቩ ዜሮ ከሆነ ነው። ድራይቭ ስትጨምሩ ሌላ ልዩነት ይመጣል፤ 12ኤኤክስ7 በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ትሪዮድ፣ ማለትም ሁለት የማሳደጊያ ክፍሎች፣ ይይዛል፣ ሁለቱም ፍጹም መንትያ አይደሉም። ለሁለቱም ቻናል በተራ በተራ የ440 ኸርዝ ድምፅ ስጡና በስፔክትረም ማሳያ (በየኸርዙ ያለውን የድምፅ መጠን የሚያሳይ ሶፍትዌር) ላይ 880 ኸርዝ የሚታየውን ጫፍ ተመልከቱ። ሁለቱ ጫፎች እኩል እስኪሆኑ የአንዱን ድራይቭ ቀንሱ፤ ከዚያ መጠኑ ተዛብቶ ይሆናልና ጌይኑን እንደገና ለኩ። ጌይኑን መንካት ድራይቩን ስለሚነካ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ አይቀርም። ሲያልቅ የሁለቱንም ማዞሪያዎች ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።